በዒድ ቀን የተዘፈነው የጦርነት ግጥም፦ የዘመድ እርቅ ታሪክ ከመዲና እስከ አገራችን



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ዒድ ሲቃረብ ስልካችን ሥራ ይበዛበታል። ጨረቃና ፋኖስ ያለበት ምስል ይመረጣል፤ "ዒድ ሙባረክ" ተብሎበት ለሁለትና ለሦስት መቶ ሰው በአንዴ ይላካል። ከዚያ ሁሉ ስም ውስጥ ግን ብዙዎቻችን ዘለን የምናልፈው አንድ ስም አለ። የአጎት ስም ሊሆን ይችላል፤ የታላቅ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል። መነሻውም የታወቀ ነው። አባት ትተውት የሞቱት ቤት ነው፤ ከሳውዲ ወይም ከዱባይ ተልኮ የት እንደገባ ያልታወቀ ገንዘብ ነው፤ ሠርግ ላይ ያመለጠች አንዲት ቃል ናት። በረመዷን መጨረሻ "ዱዓ አድርጉልን" ተብሎ ወደ መስጂድ የሚመጣው ጭንቀት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሥሩ እዚህ ላይ ይገኛል።

ዝምድናን መቀጠል ግዴታ መሆኑን ያልሰማ የለም። የሚቸግረን አፈጻጸሙ ነው። ስለዚህ ዛሬ ምክሩን ለኹጥባ ትተን ታሪኩን እንይ። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከአጎታቸው፣ ከአክስታቸው ልጅ፣ ከገዛ ዘመዳቸው ጋር ሲጣሉ ምን አደረጉ? መሐል የገባው ማን ነው? በምን ላይ ተስማሙ? ዘገባዎቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። የተወሰደ ሐቅ ይመለሳል፣ የተቋረጠ ድጋፍ ይቀጥላል፣ አስታራቂ ሰው መሐል ይገባል፤ መተቃቀፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

1. የአንድ እናት ልጆች ጦርነት

ዒድ መዲና የገባው ቁስሏ ገና ሳይደርቅ ነው። አውስና ኸዝረጅ የሚባሉት ሁለቱ ነገዶች ባዕድ አልነበሩም። አባታቸውም እናታቸውም አንድ የሆኑ የሁለት ወንድማማቾች ዘሮች ናቸው፤ በእናታቸው በቀይላ ስም "በኒ ቀይላ" ይባሉ ነበር። እንዲያም ሆኖ ለትውልዶች ተዋግተዋል። የመጨረሻው ከባድ ውጊያ "ቡዓስ" የሚባለው ሲሆን ከሂጅራ 5 ዓመት ገደማ በፊት የተካሄደ ነው። በዚያ ቀን ከሁለቱም ወገን ታላላቆቹ አለቁ። እንግዲህ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ላይ የተቀበሏቸው ሰዎች ወንድሜን የገደለው የት ሠፈር ነው ቢባሉ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት የመዲና ሰዎች የሚጫወቱባቸው ሁለት ቀናት ነበሯቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ቀናቱ ሲጠይቋቸው በጃሂሊያ ዘመን የምንጫወትባቸው ናቸው አሉ። እሳቸውም አላህ በእነዚህ ፈንታ የተሻሉ ሁለት ቀናት እንደሰጣቸው ነገሯቸው፦ ዒደል አድሓንና ዒደል ፊጥርን። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ የረመዷን ጾም ተደነገገ፤ የመጀመሪያው ዒደል ፊጥርም ተሰገደ። ትናንት በሰይፍ የተፈላለጉት የአጎት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በአንድ ሶፍ ቆሙ።

ከእነዚያ ዒዶች በአንዱ የሆነውን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሁለት የአንሷር ልጃገረዶች እሳቸው ቤት ገብተው ይዘፍናሉ። የሚዘፍኑት ደግሞ አውስና ኸዝረጅ በቡዓስ ቀን የተባባሉትን ግጥም ነው! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ጋደም ብለዋል። አቡበክር (ረ.ዐ) ሲገቡ ይህን ሰምተው ተቆጡ፤ በአላህ መልክተኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይሰማል አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንዲተዋቸው ነገሯቸው፤ ሕዝብ ሁሉ ዒድ እንዳለውና ይህ ደግሞ የእኛ ዒድ መሆኑን አስታወሱ።

ዑለማዎች ከዚህ ሐዲስ ተነሥተው ስለ ዜማና ስለ ድቤ ብዙ ተነጋግረዋል። ያ ርዕስ የራሱ ቦታ አለው። ለዛሬው ጉዳያችን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የግጥሙን ይዘት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደም ያፋሰሰው ቃል አሁን ልጃገረዶች ዒድ የሚያደምቁበት ጨዋታ ሆኗል። የሰማውም ሰው ሰይፉን አልፈለገም።

ይህ በራሱ የመጣ ነገር እንዳልነበር ሌላ ዘገባ ያሳየናል። ኢብን ኢስሐቅ በሲራቸው እንደጻፉት፣ የአውስና የኸዝረጅ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው በፍቅር ሲጨዋወቱ ያየ ሻስ ኢብን ቀይስ የተባለ ሽማግሌ ከነከነው። አንድ ወጣት ላከና መሐላቸው ገብቶ የቡዓስን ቀን እንዲያነሳ፣ ግጥሙንም እንዲያሰማቸው አደረገ። አንዱ መለሰ፤ ሌላው በላዩ ደገመ፤ ጨዋታው ወደ ፉከራ ተለወጠ። በመጨረሻ መሣሪያ አምጡ ተባብለው ወደ ሜዳ ወጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደርሰው፣ እሳቸው በመሐላቸው እያሉ ወደ ጃሂሊያ ጥሪ መመለሳቸው ምን እንደሆነ ሲጠይቋቸው ነቁ። መሣሪያቸውን ጥለው እየተላቀሱ ተቃቀፉ። ሱረቱ አሊ ዒምራን 103ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ጠላት የነበሩትን ልቦች እንዳስማማ የሚያስታውሰው መልእክት ከዚህ ክስተት ጋር ተያይዞ ይነሳል።

ግጥሙ ያው የቡዓስ ግጥም ነው። በዒድ ቀን ልጃገረዶቹ ሲያነሱት ጨዋታ ሆነ፤ ሻስ ሲያስነሳው ሰይፍ አስመዘዘ። ከየቤተሰቡም እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ዘመድ ለዒድ ተሰብስቦ፣ ቡናው ፈልቶ፣ ሁሉ ደስ ብሎት ሳለ "ያኔ አባትህን ምን እንዳላቸው ታስታውሳለህ?" ብሎ ይጀምራል። ዘንድሮ ደግሞ ሥራው ቀሎለታል፤ አንዱ በንዴት የቀዳውን የድምፅ መልእክት ለሌላው ያሳልፋል። የቤተሰብ ታሪክ መነሳቱ አይከፋም። የሚያነሳው ሰው ምን ፈልጎ እንዳነሳው ግን እንጠይቅ።

2. አጎት የወሰደው ውርስ

በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ዘመቻ ሰዕድ ኢብን አር-ረቢዕ (ረ.ዐ) ሸሂድ ሆኑ። ከመካ ባዶ እጃቸውን ለመጡት ለዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) የሀብታቸውን ግማሽ ልስጥህ ያሉት ደግ ሰው እሳቸው ናቸው። ከሞቱ በኋላ ግን ገንዘባቸውን ወንድማቸው ሰበሰበው። ያን ጊዜ በነበረው ልማድ ሴት ልጅ አትወርስም።

ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት የሰዕድ ሚስት ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። አባታቸው ከእርስዎ ጋር ኡሑድ ላይ ተገደለ፤ አጎታቸው ያለውን ሁሉ ወሰደ፤ ገንዘብ ከሌላቸው ደግሞ ማን ያገባቸዋል ብለው አመለከቱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በዚህ ጉዳይ ላይ ይፈርዳል አሏቸው። የውርስ አንቀጽ ወረደ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አጎትየውን አስጠርተው ለሁለቱ ልጆች ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥ፣ የቀረው የእሱ እንደሆነ ነገሩት።

ሒሳቡን እናውጣው። ንብረቱ 24 ቦታ ቢከፈል ለልጆቹ 16፣ ለእናት 3፣ ለአጎት 5 ይደርሳል። 24ቱንም የያዘው ሰው 19ኙን መለሰ፤ 5ቱ ግን ሐቁ ነውና ቀረለት። አጎትየው ከቤተሰቡ አልተባረረም፤ አልተዋረደም። እናትም ለዘመድ ስትይ ተይው አልተባሉም።

ይህ ጉዳይ ዛሬም በየቤታችን አለ። ብዙ "እርቅ" የሚባለው ነገር እህት ድርሻዋን እንድትተው ማግባባት ነው። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ሰላም ይሻላል፣ ወንድምሽ ነው፣ ደግሞ ዒድ ደርሷል ይባላል። እሷም አፍራ እሺ ትላለች። ፋቲሐ ተቀርቶ ምሳ ይበላል። በልቧ ያለው ግን ለልጆቿ ይተላለፋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የአጎት ልጆች ለምን እንደማይነጋገሩ የሚያውቅ ይጠፋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐራምን ሐላል የሚያደርግ ወይም ሐላልን ሐራም የሚያደርግ ካልሆነ በስተቀር በሙስሊሞች መካከል ሱልህ የተፈቀደ መሆኑን አስተምረዋል። ድርሻዋን አውቃ፣ በእጇ ካስገባች በኋላ ማንም ሳያስገድዳት ብትሰጥ የእሷ ልግስና ነው። በእፍረት ተጨንቃ የለቀቀችው ግን ለተቀባዩም አይበጅም።

3. የአክስት ልጅ ልጅና የተቋረጠው ድጎማ

ከበኒ ሙስጠሊቅ ዘመቻ መልስ የመዲና ሙናፊቆች በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የሐሰት ወሬ አስነሱ። ወሬውን ከተቀባበሉት ሰዎች አንዱ ሚስጠሕ ኢብን ኡሳሳ ነበሩ። ሚስጠሕ ማን ናቸው? እናታቸው የአቡበክር (ረ.ዐ) የአክስት ልጅ ናት። ከመካ የተሰደዱ፣ በበድር የተሳተፉ፣ ግን እጅግ ድኻ ሰው ናቸው። የሚበሉትን የሚሰጧቸው አቡበክር ነበሩ።

እስቲ አስቡት። በገዛ ቤትህ ገንዘብ የሚበላ ዘመድህ ስለ ልጅህ ክብር እንዲህ ያለ ወሬ ተቀብሎ ያወራል። ዓኢሻ አንድ ወር ያህል ታመው ተኙ፤ የሚባለውንም አላወቁም። በመጨረሻ የነገሯቸው የሚስጠሕ እናት ናት። በሌሊት አብረው ወጥተው ሲመለሱ ልብሷ አደናቅፏት የገዛ ልጇን ረገመች። ዓኢሻ የበድርን ሰው እንዴት ትሳደቢያለሽ ቢሏት ያን ጊዜ ሁሉን ዘረገፈችላቸው። እናት ልጇ ስለሆነ ብላ ጥፋቱን አልሸፈነችም።

ከዚያ የዓኢሻ ንጽሕና በሱረቱ ኑር ወረደ። ወሬውን በግልጽ በተናገሩት ላይ ሚስጠሕን ጨምሮ ቅጣቱ እንደተፈጸመ በሱነን ኪታቦች ተዘግቧል። አቡበክርም ከዚህ በኋላ ለሚስጠሕ ምንም አልሰጥም ብለው ማሉ። ማን ይፈርድባቸዋል?

አላህ ግን 22ኛውን አንቀጽ አወረደ። ችሎታ ያላቸው ሰዎች ለዘመድ፣ ለድኻና በአላህ መንገድ ለተሰደደ ላለመስጠት እንዳይምሉ ከለከለ፤ ይቅርታ እንዲያደርጉ አዘዘ፤ አላህ ይቅር እንዲላችሁ አትወዱምን ብሎም ጠየቀ። ልብ በሉ፤ ሦስቱም መግለጫ ሚስጠሕ ላይ ያርፋል። ዘመድ ናቸው፣ ድኻ ናቸው፣ ስደተኛ ናቸው። አቡበክር ይህን ሲሰሙ በእርግጥ አላህ ይቅር እንዲለኝ እወዳለሁ አሉ። ድጎማውንም መለሱ፤ ከእንግዲህ ፈጽሞ አላቋርጥበትም ብለው እንደገና ማሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አብሮ ተፈጽሟል። ጥፋቱ ጥፋት ተብሎ ተጠርቷል፤ ቅጣቱም ቀርቷል አልተባለም። ዝምድናው ግን አልተቆረጠም፤ ምግቡም አልተከለከለም። እኛ ብዙ ጊዜ አንዱን ይዘን ሌላውን እንጥላለን። ወይ "ዘመድ ነው" ብለን ጥፋቱን እናዳፍናለን፣ ወይ ጥፋቱን ይዘን የሰውየውን ልጆች ጭምር ከቤታችን እናርቃለን።

4. በር ላይ የቆመችው እናት

ዘመድ ሙስሊም ባይሆንስ? ይህ ጥያቄ በአገራችን የብዙ ወጣት ጥያቄ ነው። አያቱ ክርስቲያን የሆኑ፣ የእናቱ ወንድሞች በሌላ እምነት ያሉ፣ እስልምናን ራሱ ተቀብሎ ከወላጆቹ ጋር የተኳረፈ ስንት ወንድም አለን።

በሑደይቢያ ስምምነት ዘመን የአስማ ቢንት አቢበክር (ረ.ዐ) እናት ከመካ ወደ መዲና መጣች። አቡበክር ቀድሞ የፈቷት ስትሆን ገና ሙሽሪክ ነበረች። ስጦታ ይዛ እንደመጣችና አስማ ሳይጠይቁ ቤት ማስገባቱን እንደፈሩ ተዘግቧል። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ፤ እናቴ ፈልጋኝ መጥታለች፣ ልቀጥላት? እሳቸውም እናትሽን ቀጥያት አሏቸው። ዑመርም (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የላኩላቸውን የሐር ልብስ ገና ላልሰለመው መካ ላለው ወንድማቸው እንደሰጡት ቡኻሪ ዘግበዋል። መካና መዲና በጦርነት ውስጥ የነበሩ ከተሞች ናቸው። ስጦታ ግን ከእናት ወደ ልጅ፣ ከወንድም ወደ ወንድም ይሄድ ነበር። እምነትህን ሳትሸጥ ዘመድህን መጠየቅ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ያለ መንገድ ነው።

5. የሃያ ዓመት ቂምና የረመዷን ጉዞ

አቡሱፍያን ኢብን አል-ሓሪስ ከታወቁት የመካ መሪ ከአቡሱፍያን ኢብን ሐርብ ሌላ ሰው ናቸው። ይህኛው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅ ናቸው፤ ሐሊማም ሁለቱንም አጥብታቸዋለችና የጡት ወንድማማቾች ናቸው። በልጅነታቸው ይዋደዱ ነበር። ነቢይነት ሲመጣ ግን ገጣሚ የነበሩት የአጎት ልጅ ሃያ ዓመት ገደማ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በግጥም ሲሳደቡ ኖሩ። ከባዕድ ስድብ የዘመድ ስድብ እንደሚከፋ የቀመሰ ያውቀዋል።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በረመዷን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መካ ሲጓዙ አቡሱፍያን ከአክስታቸው ልጅ ከዐብደላህ ኢብን አቢ ኡመያ ጋር መንገድ ላይ ደርሰው ለመግባት ፈቃድ ጠየቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልፈቀዱም። የዓለማት እዝነት የሆኑት ነቢይ እንኳ የዘመድ ቁስል አሟቸዋል። ስለዚህ የተጎዳ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ ልቡ ካልተከፈተ ቶሎ አንፍረድበት።

ያን ጊዜ መሐል የገቡት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው። ዐብደላህ በአባት ወንድማቸው ነው። የአጎትዎ ልጅና የአክስትዎ ልጅ በእርስዎ ምክንያት ከሰው ሁሉ የከፉ ዕድለ ቢስ አይሁኑ ብለው ለመኑ። አቡሱፍያንም ካልተፈቀደልኝ ትንሹን ልጄን ይዤ በረሃ ለበረሃ እየተንከራተትኩ በረሃብና በጥም እሞታለሁ አሉ። ይህን ሲሰሙ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሩላቸው። በሌላ ዘገባ ደግሞ ዐሊይ (ረ.ዐ) ከፊት ለፊታቸው ገብተህ የዩሱፍ ወንድሞች ለዩሱፍ ያሉትን በላቸው ብለው መከሯቸው። እሳቸውም ጥፋታቸውን አምነው ሲናገሩ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ለወንድሞቻቸው በመለሱት መለሱላቸው፤ ዛሬ ወቀሳ የለም፣ አላህ ይምራችሁ።

መካ በረመዷን ተከፈተች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እዚያ 19 ቀን እንደቆዩ ቡኻሪ ዘግበዋል፤ ስለዚህ የዚያ ዓመት ዒደል ፊጥር መካ ላይ ነበር የዋለው። ስምንት ዓመት ተለያይተው የነበሩ ወላጅና ልጅ፣ ወንድምና ወንድም በአንድ ከተማ ዒድ ዋሉ። ከዒዱ ጥቂት ቀናት በኋላ በሸዋል ወር የሑነይን ውጊያ መጣ። ሠራዊቱ ሲበተን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎን ሳይነቃነቁ ከቀሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ፣ የበቅሏቸውን ልጓም ይዘው የቆሙት፣ ያው አቡሱፍያን ኢብን አል-ሓሪስ ነበሩ። ከአንድ ወር ገደማ በፊት በሩ ተዘግቶባቸው ቢቀር ኖሮ በዚያ ቦታ ማን ይቆም ነበር?

6. በእኛ አገር

ይህ ታሪክ ወደ አገራችን ሲመጣ የራሱን መልክ ያዘ። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉ አባቶች አሉ። ሰው ሲገደል፣ ደም ሲፈላለግ፣ የገዳይ ወገን ወደ እነሱ ይሄዳል። እነሱም ሁለቱን ወገን ያቀራርባሉ፤ ጥፋቱን ያጣራሉ፤ የደም ካሳውን ይወስናሉ፤ ከዚያ ዱዓ ተደርጎ ደም ይደርቃል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ፊታቸው ይቀርባል። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፦ ማጣራት፣ ካሳ፣ ከዚያ ዱዓ። አባቶቻችን ዱዓውን ካሳውን መዝለያ አላደረጉትም።

ወደ ስልጤና ወደ ጉራጌ ስንሄድ ዓረፋ አለ። መርካቶና በየከተማው ሲነግድ የከረመው ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢቀር ለዓረፋ አይቀርም። ከዋዜማው የሴቶች ዓረፋ ይውላል፤ ቆጮው፣ ጎመኑ፣ ቅቤው፣ አተካነው ይቀርባል፤ ከዚያ የእርዱ ቀን ይመጣል። ልጆች ሽማግሌ ፊት ተንበርክከው ምርቃት ይቀበላሉ፤ ጋብቻ ይታሰባል፤ የተጣላም የሚታረቀው ያን ሰሞን ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ አገር ቤት የሚገኘው ያኔ ብቻ ነውና ከሳሽም ተከሳሽም ምስክርም አይጠፋም።

ይህ መሰብሰብ ግን በነጻ የተገኘ እንዳልሆነ ወጣቶች ማወቅ አለባችሁ። በንጉሡ ዘመን ዒድ የመንግሥት በዓል አልነበረም። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ ዒድን እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነበር የሚውለው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ እንደሚገመት የሚነገርለት ሕዝብ ሰልፍ ወጣ፤ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ወጡ። ካቀረቧቸው 13 ጥያቄዎች አንዱ የሙስሊሙ በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆነው እንዲከበሩ ነበር። ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ ዒደል ፊጥር፣ ዓረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ። ዛሬ አውቶቡስ ተሳፍረህ እናትህ ዘንድ የምትሄድበት ያ ቀን ሰዎች በእግራቸው ወጥተው የጠየቁት ቀን ነው። አልጋ ላይ ተጋድመን ስልክ ስናይ ብናሳልፈው ያሳዝናል።

7. ለዘንድሮው ዒድ

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ለራሳችን የምንይዘው አለ።

አንደኛ፦ ሥራው ከዒድ በፊት ይጀመር። ዘካተል ፊጥር እንኳ ከሶላቱ በፊት እንድትሰጥ ነው የታዘዘው፤ ድኻው በዒድ ቀን እንዳይለምን። የዘመድህን ሐቅም እንዲሁ አድርግ። የያዝከው ገንዘብ ካለ መልስ፤ መመለስ ካልቻልክ መጠኑን አምነህ ቀጠሮ ስጥ። ባዶ "አውፍ በለኝ" ሐቁን ለተነጠቀ ሰው ሁለተኛ ቁስል ነው።

ሁለተኛ፦ ኡሙ ሰለማን ፈልግ። በየቤተሰቡ ሁለቱም ወገን የሚሰማው ሰው አለ። ብዙ ጊዜ አክስት ወይም አያት ናት። አንተ ራስህ ከተጣሉት መካከል ካልሆንክ ደግሞ ያ ሰው አንተ ልትሆን ትችላለህ። ወጣት ነኝ፣ ማን ይሰማኛል አትበል፤ ለአቡሱፍያን ምክሩን የሰጧቸው ዐሊይ በዕድሜ ያንሷቸው ነበር።

ሦስተኛ፦ "ወላሂ ደጁን አልረግጥም" ብሎ የማለ ሰው መሐላው እርቅ አይከለክለውም። የተሻለውን ነገር ያየ ሰው የተሻለውን ይሥራና ለመሐላው ከፋራ ይስጥ ተብለናል። ከፋራውም በሱረቱል ማኢዳ 89ኛው አንቀጽ ተነግሯል፦ አሥር ምስኪኖችን ማብላት ወይም ማልበስ ወይም ባሪያ ነጻ ማውጣት፤ ያልቻለ ሦስት ቀን ይጾማል። ለዝርዝሩ በአካባቢህ ያለውን ዓሊም ጠይቅ።

አራተኛ፦ ያንተ ሰላምታ ባይመለስልህስ? ዝምድናን ቀጣይ የሚባለው ውለታ የሚመልስ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሲቆርጡት የሚቀጥል እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት፣ ከሁለቱም የሚበልጠው ሰላምታ የሚጀምረው እንደሆነም አስተምረዋል። እጁን የሚሰነዝር፣ ቤት የሚያፈርስ ዘመድ ካለ ግን ራስህን ለአደጋ አጋልጥ ማለት አይደለም። ከሩቅ ሆኖ በሰላምታ፣ በዱዓና በሚቻለው መጠየቅም ዝምድና ነው።

አምስተኛ፦ በጅዳ፣ በሪያድ፣ በዱባይ፣ በቤይሩት ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ በአካል መምጣት ባትችሉም ድምፃችሁ ይመጣል። ለሁሉም የምትልኩትን ምስል ተዉትና ለዚያ ለአንዱ ሰው ደውሉ። ስሙን ጠርታችሁ፣ ጤናውን ጠይቁ። የገንዘቡን ነገር በዚያው ቀን አታንሱት፤ ለእሱ ሽማግሌ ያለበት ሌላ ቀን ያዙለት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ዒድ ሶላት በአንድ መንገድ ሄደው በሌላ መንገድ ይመለሱ ነበር። ዑለማዎች ለዚህ ብዙ ጥበብ ጠቅሰዋል፤ ከእነዚህም አንዱ በሁለቱም መንገድ ያሉትን ሰዎች ሰላም ለማለት ነው የሚል ነው። ዘንድሮ ከዒድ ሶላት ስንመለስ ያን የተኮራረፍነው ዘመዳችን ደጅ ባለበት በኩል እንመለስ።

አላህ ልባችንን ያስማማልን። የተነጠቀ ሐቅ ያለበትን ይካስ፤ የያዘውን የሚመልስበትን ወኔ ይስጠው። ጾማችንንና መልካም ሥራችንን ይቀበለን። በሕይወት ያሉ ወላጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለሞቱት ይማርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።